ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ሰርቨሩን ከሰው ቤት ሲያስቀምጥ ኪራዩን የሚከፍለው ማነው?

ከስድስት ኪሎ አደባባይ ተነስቶ በአሜሪካ ኤምባሲ በኩል ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወጣው የጉለሌ መንገድ ሁለት ገበያዎችን ያገናኛል። በላይኛው ጫፍ የሸማና የጥበብ ገበያ አለ። በታችኛው ጫፍ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አጥር ዙሪያ፣ የወረቀት ገበያ አለ፤ ፎቶ ኮፒ፣ ኅትመት፣ ጥራዝ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ጽሕፈት። መምህሩ ሃንድአውቱን ከአንድ ቤት ያስቀምጣል፣ የክፍል ተጠሪው ስም ዝርዝር ይይዛል፣ ተማሪው በገጽ ሒሳብ ከፍሎ ይወስዳል። ለረጅም ዓመታት የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ሥርጭት ማለት ይኸው ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አሁን ይህ ሥርጭት መልኩን እየለወጠ ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ጽሑፋቸውን፣ የቤት ሥራቸውን፣ ፈተናቸውንና የውጤት መዝገባቸውን ተማሪው በስልኩ ወይም በኮምፒዩተር ወደሚከፍተው የኦንላይን መማሪያ ሥርዓት እያሸጋገሩ ነው። ሥርዓቱ የሚቀመጥበት ሰርቨርም በየግቢው የኮምፒዩተር ክፍል ከመቀመጥ ይልቅ የጋራ ወይም የኪራይ ወደሆነ የመረጃ ማዕከል የሚወሰድበት አሠራር መጥቷል። ጉዳዩ የመምህርና የተማሪ ብቻ የሚመስላቸው ነጋዴዎች ጥቂት አይደሉም። ይሁንና ከዚህ ዝውውር ጀርባ የዶላር ክፍያ፣ የዓመታት የአገልግሎት ውል፣ የጨረታ ማስከበሪያ፣ የስልክ ዳታና የወረቀት ንግድ ስላለ የገበያ ሰው ሊያውቀው ይገባል።

በሬው በስጦታ፣ መኖው በገንዘብ

ሥርዓቱ ራሱ እንግዳ ነገር አይደለም። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ዘንድ ስሙ በብዛት የሚነሳው ሙድል የተባለው ሲሆን፣ ማርቲን ዱጊያማስ የተባለ አውስትራሊያዊ የመጀመሪያውን እትም ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። ሙድል የፈቃድ ክፍያ የለውም፤ ማንም አውርዶ ሊጠቀምበት፣ እንደሚፈልገውም ሊያስተካክለው ይችላል። ብላክቦርድና ካንቫስ የተባሉት የአሜሪካ ምርቶች ደግሞ በአብዛኛው በተማሪ ቁጥር እየተሰላ በየዓመቱ የሚከፈልባቸው ናቸው።

ሶፍትዌሩ ነፃ ነው ማለት አገልግሎቱ ነፃ ነው ማለት አይደለም። በሬው በስጦታ ቢገኝም መኖው በገንዘብ ነው። ሰርቨር መግዛት ያስፈልጋል፤ በየጥቂት ዓመቱ መለወጥም ይመጣል። ዩፒኤስ፣ ጄኔሬተር፣ ናፍጣ፣ የአየር ማቀዝቀዣ አለ። ሰነዱ እንዳይጠፋ በሌላ ቦታ ቅጂ ማስቀመጥ አለ። ከሁሉም በላይ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሌሊትም ቢሆን ተነስቶ ሥርዓቱን የሚያስነሳ ባለሙያ ያስፈልጋል፤ እንዲህ ያለውን ሰው በመንግሥት ደመወዝ ስኬል ይዞ ማቆየት ከባንኮችና ከቴሌኮም ኩባንያዎች ጋር መጫረት ነው። በዚህ ጨረታ ዩኒቨርሲቲ ሲያሸንፍ ብዙም አይታይም።

ስለዚህ ሦስተኛው መንገድ ይመረጣል። ሥርዓቱን ሌላ ድርጅት በራሱ የመረጃ ማዕከል ያስቀምጣል፣ ይጠብቃል፣ ያሳድሳል፤ ዩኒቨርሲቲው በዓመት ወይም በወር ይከፍላል። ሆስቲንግ የሚሉት ይህንኑ ነው።

የሽሮ ሜዳ ነጋዴ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ዛሬ ቀሚሱንና ነጠላውን ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ቻናል የሚያወጣ ሸማ ሻጭ ሳያውቀው የሆስቲንግ ደንበኛ ሆኗል። ዕቃው የእርሱ ነው፣ ገዢውም የእርሱ ነው፤ መደርደሪያው ግን የቴሌግራም ነው። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ቴሌግራም፣ ፌስቡክና ቲክቶክ በአገሪቱ ተገድበው ለአምስት ወራት ያህል ሲቆዩ የዚህ ልዩነት ትርጉም ለብዙዎች ግልጽ ሆኗል። የደንበኞቹን ስልክ ቁጥር በደብተር የያዘው ነጋዴ ደውሎ መሸጥ ይችላል፤ ሁሉንም በቻናሉ ላይ የተወው ግን መደርደሪያውም ደንበኛውም አብረው ይዘጉበታል። ዩኒቨርሲቲም የተማሪዎቹን ውጤትና የመምህራኑን ጽሑፍ በኪራይ ቤት ሲያስቀምጥ የሚጠየቀው የመጀመሪያ ጥያቄ ይኸው ነው፤ ደብተሩ በማን እጅ ነው?

ቀደም ያሉ ሙከራዎች

ትምህርትን ከሩቅ በመሣሪያ የማምጣት ሐሳብ ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው ፕላዝማ በሳተላይት ትምህርት ያሰራጭ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ደግሞ በህንድ መንግሥት በተነደፈው የፓን አፍሪካ የኤሌክትሮኒክ ኔትወርክ ሙከራ የአዲስ አበባና የሐረማያ ዩኒቨርሲቲዎች ከህንዱ ኢንድራ ጋንዲ ብሔራዊ ክፍት ዩኒቨርሲቲ ጋር ተገናኝተው ትምህርት ተሰጥቶባቸዋል። ሁለቱም መሣሪያው ከውጭ፣ ይዘቱም በአብዛኛው ከውጭ የመጣ ነበር። ፕላዝማው በየትምህርት ቤቱ ሲበላሽ ጠጋኝና መለዋወጫ መፈለግ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደነበር የዚያ ዘመን ተማሪ የሆነ ሁሉ ያስታውሰዋል። ጥገናው በግዢው ዋጋ ውስጥ አልታሰበም ነበር ማለት ይቻላል።

ነገሩን ያፋጠነው ግን ኮሮና ነው። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ታማሚ በአዲስ አበባ መገኘቱ ከተነገረ ከሦስት ቀናት በኋላ ትምህርት ቤቶች፣ ቀጥሎም ዩኒቨርሲቲዎች ተዘጉ። የድኅረ ምረቃ ትምህርትን በኢንተርኔት ለማስቀጠል ተሞከረ። መምህራን በኢሜይልና በቴሌግራም ጽሑፍ እየላኩ ሥራቸውን ሲገፉ፣ በሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በመላው አገሪቱ ተቋርጦ ለሦስት ሳምንታት ያህል ቆየ። ሁለቱ አጋጣሚዎች በአራት ወራት ውስጥ ተከታትለው መምጣታቸው የሚገርም ነው። አንዱ የኦንላይን ትምህርት አስፈላጊ መሆኑን ሲያሳይ ሌላው ምን ላይ እንደቆመ አሳይቷል።

ከዚያ ወዲህ የመጣው ትልቁ ሥራ ኢ-ሺ በሚል አጭር ስም የሚጠራው የአምስት ዓመት ፕሮግራም ነው። የትምህርት ሚኒስቴር ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን፣ ከአሜሪካው አሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲና ሻያሾኔ ከተባለው የአገር ውስጥ ድርጅት ጋር የሚያካሂደው ይህ ፕሮግራም 50 የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችን፣ 35 ሺህ መምህራንንና 800 ሺህ ተማሪዎችን ለመድረስ የታቀደ ነው። ዩኒቨርሲቲዎቹን እርስ በርስ የሚያገናኘው በሚኒስቴሩ ሥር ያለው የኢትዮጵያ የትምህርትና የምርምር ኔትወርክ ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. የተጀመረው የመውጫ ፈተና በኮምፒዩተር መሰጠቱም ዩኒቨርሲቲዎች በኮምፒዩተር መፈተንን ከምርጫ ወደ ግዴታ እንዲያዞሩት አድርጓቸዋል።

800 ሺህ ተጠቃሚ ማለት በገበያ ቋንቋ ትንሽ ነገር አይደለም። የእርዳታው ገንዘብ ግን የጊዜ ገደብ አለው። ፕሮግራሙ ሲያልቅ የሰርቨሩ፣ የጥበቃውና የባለሙያው ወጪ ከየዩኒቨርሲቲው በጀት ላይ ይወድቃል፤ የአገልግሎት ሻጮችም ትክክለኛው ገበያ የሚከፈተው ያን ጊዜ ነው። በተለይ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአዋጅ ቁጥር 1294/2015 መሠረት ወደ ራስ ገዝነት የተሸጋገረ የመጀመሪያው ዩኒቨርሲቲ በመሆኑ ወጪውንና ገቢውን ራሱ የማስተዳደር ሰፊ ሥልጣን አለው። በጥሩ ጎኑ ውሳኔ ይፈጥናል። በሌላው ጎኑ ደግሞ ኪራዩ ሲወደድ ሒሳቡን የሚሸፍንለት ሌላ ኪስ እየራቀ ይሄዳል።

ዶላሩ

የሆስቲንግ ዋጋ በዓለም ገበያ የሚነገረው በዶላር ነው። ዩኒቨርሲቲው የሚከፍለው በብር ነው። በመካከሉ የቆመው የአገር ውስጥ ተጫራች ነው፤ ነገሩ የሚያመውም እርሱን ነው።

ለምሳሌ ያህል አንድ ድርጅት በዓመት 10 ሺህ ዶላር የሚያወጣ የውጭ ሰርቨር ተከራይቶ ለአንድ ኮሌጅ አገልግሎት ለመስጠት ተዋዋለ እንበል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት በነበረው ወደ 57 ብር በሚጠጋ የባንክ ምንዛሪ ወጪው 570 ሺህ ብር ነው። በላዩ 15 በመቶ ትርፍ ቢይዝ 85 ሺህ 500 ብር ያገኛል። ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪውን ዋጋ ለገበያ ከለቀቀ በኋላ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ዶላር ከ100 ብር በላይ ወጣ። በ100 ብር ብቻ ቢታሰብ እንኳ ያው ሰርቨር 1 ሚሊዮን ብር ሆነ ማለት ነው። ድርጅቱ በቋሚ የብር ዋጋ ለሦስት ዓመት ፈርሞ ከነበረ የ85 ሺህ ትርፉ ቀርቶ በዓመት ከ340 ሺህ ብር በላይ ኪሳራ ውስጥ ይገባል። ውሉን ቢያቋርጥ የአፈጻጸም ዋስትናው ይወረሳል። ቢቀጥል ከኪሱ እየከፈለ ተማሪ ያስተምራል።

ይህ ስሌት ኮምፒዩተር አስመጪዎች በደንብ የሚያውቁት ነው፤ ልዩነቱ አስመጪ አንዴ ገዝቶ ይሸጣል፣ ሆስቲንግ ግን በየዓመቱ ተመልሶ የሚመጣ ዕዳ ነው። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ውል ውስጥ የዋጋ ማስተካከያ አንቀጽ መኖርና አለመኖሩ ከዋጋው ከራሱ ይበልጣል። ዝቅተኛ ዋጋ ሰጥቶ ያሸነፈ ሁሉ አላሸነፈም።

አማራጩ በአገር ውስጥ ማስቀመጥ ነው። በቦሌ ለሚ አካባቢ በሚገኘው የአይሲቲ ፓርክ ዊንጉና ራክሲዮ የተባሉት ኩባንያዎች የመረጃ ማዕከል ገንብተዋል፤ ኢትዮ ቴሌኮምም ቴሌክላውድ የሚል አገልግሎት ያቀርባል። በአገር ውስጥ መሆኑ ሁለት ጥቅም አለው። ኢትዮጵያ የባሕር ጠረፍ ስለሌላት ዓለም አቀፍ ኢንተርኔቷ የሚገባው በጎረቤት አገሮች በኩል ነው፤ ከስድስት ኪሎ የሚነሳ ተማሪ ጽሑፉን ለማግኘት አውሮፓ ደርሶ መመለስ አይኖርበትም። ሁለተኛው ሕጉ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የሰው የግል መረጃ ከአገር ሲወጣ መሟላት ያለባቸውን ሁኔታዎች ያስቀምጣል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የተማሪ ስም፣ ውጤትና የመለያ ቁጥር የግል መረጃ መሆኑ አያከራክርም። በአገር ውስጥ መሆኑ ዶላርን ሙሉ በሙሉ አያስቀርም፤ የመረጃ ማዕከሉ መሣሪያ የተገዛው በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ ባለቤቱ ዋጋውን ሲያወጣ ያንን ያስባል። ሆኖም ጭንቀቱን ከትንሹ ተጫራች ትከሻ ወደ ትልቁ ባለሀብት ያዛውረዋል።

ዕቃ ማጓጓዝ አይደለም

ከአሮጌ ሥርዓት ወደ አዲስ የመዛወሩን ሥራ ብዙዎች ፋይል ከአንድ ዲስክ ወደ ሌላ መገልበጥ አድርገው ያዩታል። ቤት የቀየረ ሰው ግን አልጋውና ቁም ሣጥኑ እንደማያስቸግር፣ የሚያስቸግረው ቆጣሪው፣ ውኃውና የጎረቤት ሒሳብ እንደሆነ ያውቃል። እዚህም እንዲሁ ነው። የትምህርት ጽሑፎቹ ታሽገው ይወጣሉ፣ በአዲሱ ይፈታሉ። ሙድል ወደ ሙድል ከሆነ ቀላል ነው፤ ከብላክቦርድ ወደ ሙድል ከሆነ ግን የጥያቄ ባንኮች ቅርጻቸው ይበላሻል። ከዚያም አዲሱ ሥርዓት ከሬጅስትራሩ ጋር መገናኘት አለበት፤ ይህ ካልሆነ ኮርስ የጣለ ተማሪ በዝርዝሩ ላይ ይቀራል፣ ዘግይቶ የተመዘገበው ደግሞ በር ላይ ይቆማል። የይለፍ ቃል የጠፋበት ተማሪ የት ይሄዳል? በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አብዛኛው ጥሪ ይህ ነው፤ በቢሮ ውስጥ ተቀምጦ የሚመልስ ሰው ካልተቀጠረ መምህሩ ተመልሶ ወደ ቴሌግራም ይሄዳል። ሥርዓቱ በወረቀት ላይ ሥራ ጀምሯል ይባላል፣ ተማሪው ግን አያየውም።

የአማርኛ ፊደል ጉዳይም አለ። የስም አጻጻፍ በሬጅስትራሩ በእንግሊዝኛ አንድ ዓይነት፣ በክፍሉ ሌላ ዓይነት ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው። በስም የተገናኘ መዝገብ ይጋጫል፤ በመለያ ቁጥር የተገናኘ አይጋጭም። ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ የሳምንታት ሥራ ትበላለች።

ጥንቃቄ የሚያውቅ ዩኒቨርሲቲ ዝውውሩን በሁለት ሴሚስተሮች መካከል ያደርጋል፤ አሮጌውንም ቢያንስ አንድ ሴሚስተር ሳይዘጋ ያቆየዋል። ይህ ማለት ለዚያ ጊዜ ሁለት ኪራይ ይከፈላል ማለት ነው፤ በጀት ሲያዝ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይህ ድርብ ወጪ ነው።

ሌላው የሚረሳ ነገር የፈተና ሰዓት ነው። በአዘቦት ቀን ጥቂት መቶ ሰዎች የሚገቡበት ሥርዓት በፈተና ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሺዎች በአንድ ደቂቃ ይገቡበታል። መርካቶ በፋሲካ ዋዜማ ማለት ነው። ለአዘቦት ቀን የተከራየ ሰርቨር በዚያች ደቂቃ ይወድቃል፤ ለፈተና ቀን የተከራየ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ያለ ሥራ እየተከፈለበት ይቆማል። ጥሩ የሆስቲንግ ውል ለእነዚያ ጥቂት ቀናት ብቻ አቅም ጨምሮ ከዚያ የሚቀንስ ነው። ተጫራቹ ይህን በዋጋ ዝርዝሩ ለይቶ ካላሳየ አንደኛውን ወይ ሌላኛውን ደብቋል።

ባለቤቱ ሲወድቅስ?

ትልቅ ስም ዋስትና አለመሆኑ በዚሁ በ2018 ዓ.ም. ሁለት ጊዜ ታይቷል። በመስከረም ወር የብላክቦርድ ባለቤት የሆነው አንቶሎጂ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በዚያው አገር የኪሳራ ሕግ ጥበቃ ጠየቀ። ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ ጥቅምት 10 ቀን፣ የአማዞን የክላውድ አገልግሎት በአሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል በደረሰበት ብልሽት ካንቫስ ተቋረጠ፤ ብዙ የአሜሪካ ተማሪዎችም በዚያ ቀን የኮርሶቻቸውን ገጽ ሳይከፍቱ ዋሉ። አንደኛው የገንዘብ፣ ሌላኛው የማሽን አደጋ ነው። አሜሪካ ላይ የሆነ አዲስ አበባ ላይ አይሆንም የሚል ካለ መብራት ኃይልን ይጠይቅ።

ስለዚህ በውሉ ውስጥ ስለመግቢያው ከሚጻፈው ይልቅ ስለመውጫው የሚጻፈው ይበልጥ ሊነበብ ይገባዋል። ውሉ ሲያበቃ መረጃው በምን ቅርጽ፣ በስንት ቀን ውስጥ፣ በማን ወጪ ይመለሳል? የድረ ገጹ አድራሻ የተመዘገበው በዩኒቨርሲቲው ስም ነው ወይስ በአከራዩ? ቅጂው በየስንት ሰዓቱ ይወሰዳል፣ የትስ ይቀመጣል? በዓመት ስንት ሰዓት መቋረጥ ይፈቀዳል፣ ከዚያ ሲያልፍስ ከኪራዩ ስንት ይቀነሳል? 99 በመቶ እሠራለሁ የሚል አከራይ በዓመት ከ87 ሰዓት በላይ ሊቋረጥ እንደሚችል እየተናገረ ነው፤ ቁጥሩ ሲታይ ያማረ፣ ሲሰላ ሦስት ቀን ተኩል የሚያልፍ ነው።

የጉለሌው ወረቀት

ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቶቹ ስንመለስ፣ ወረቀቱ በአንድ ዓመት ይጠፋል የሚለው ስጋት የተጋነነ ይመስላል። ተማሪ 200 ገጽ በስልክ ማንበብ አይወድም፤ ወርዶለት ያትመዋል። የተለወጠው ኮፒው የሚነሳበት ምንጭ ነው። ቀድሞ መምህሩ ሃንድአውቱን የሚያስቀምጥበት ቤት ሙሉ ክፍሉን ደንበኛ ያደርግ ነበር፤ ያ የብቸኛ ሻጭነት ዕድል ዋጋ ነበረው። አሁን ጽሑፉ በሥርዓቱ ላይ ስላለ ተማሪው ወደፈለገበት ቤት ልኮ ያሳትማል። ውድድሩ በገጽ ሳንቲም ሆኗል ማለት ነው፤ ቀለሙና ወረቀቱ ደግሞ በዶላር የሚመጣ ነው። በግቢው በር ላይ ላለ ጠባብ ሱቅ ከፍ ያለ ኪራይ የሚከፍል ሰው ሒሳቡን ዳግም ቢያየው አይጎዳም፤ ለእንደነዚህ ያሉ ሱቆች የሚያገናኙ ደላሎችም እንዲሁ። ጥራዝና የመመረቂያ ጽሑፍ ሥራ ግን ዩኒቨርሲቲው ደረቅ ቅጂ እስከጠየቀ ድረስ ይቀጥላል።

የተረፈው ወጪ በተማሪው ላይ ነው። በግቢ ውስጥ ዋይፋይ ባለበት ይጠቀማል። ከግቢ ውጭ ዳታ ይገዛል። ሳፋሪኮም መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ ለዳታ ጥቅል ሁለት ሻጮች መኖራቸው ለተማሪው ጠቅሞታል። የቪዲዮ ትምህርት ግን ዳታ ይበላል፤ ጽሑፍና ድምፅ ያንሳል። ቪዲዮ የሚያበዛ መምህር ወጪውን ሳያውቀው ወደ ተማሪው ኪስ እያሻገረ ነው። በሌሎች አገሮች ቴሌኮሞች የትምህርት ድረ ገጾችን ያለ ዳታ ክፍያ የሚከፍቱበት ስምምነት አለ፤ ይህ ለሁለቱ ኩባንያዎች 800 ሺህ ወጣት ደንበኛ የማግኛ መንገድ ስለሆነ እንደ ልመና ሳይሆን እንደ ንግድ ሊቀርብላቸው ይችላል። ያገለገሉ ላፕቶፖች የሚነግዱም ፈላጊ አያጡም፤ ፈተና በስልክ መውሰድ የሚያስቸግር ሆኖ ሳለ አዲስ ላፕቶፕ ከብዙ ቤተሰብ አቅም በላይ ነውና።

ጨረታ ለሚከታተሉ የጊዜ ሰሌዳው የሚታወቅ ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል። በሰኔ ወር በጀት እንዳይመለስ ተብሎ በጥድፊያ የሚወጣ የሰርቨር ግዢ አለ፤ የዚህ ዓይነቱ ዕቃ ይገዛል እንጂ የሚንከባከበው አይታሰብለትም። ሆስቲንግ ግን በየዓመቱ ክፍያ ስለሚፈልግ ከአንድ በጀት ዓመት በላይ የሚዘልቅ ውል ይጠይቃል። ተጫራች ከመፈረሙ በፊት የሁለተኛው ዓመት ክፍያ በበጀት የተያዘ መሆኑን፣ 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ በዋጋው ውስጥ ወይም በላዩ መሆኑን፣ ክፍያው ከአገልግሎቱ በፊት ወይም በኋላ መሆኑን በጽሑፍ መጠየቅ አለበት። የመንግሥት ክፍያ ሦስት ወር ቢዘገይ የውጭው አከራይ ሦስት ወር አይጠብቅም፤ በካርድ የሚቆረጠው ኪራይ ባልተቆረጠ በጥቂት ቀናት ሰርቨሩ ይዘጋል። ያን ጊዜ ስልክ የሚደወልለት የአዲስ አበባው ተጫራች ነው፣ ምናልባትም በፈተና ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ።